ሰርቲፊኬት እንጀራ አይሆንም

በሐረር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ በሚወስደው ጠባብ መንገድ ያለፈ ሰው ያንን ድምፅ አይረሳውም። ከወዲህም ከወዲያም የተደረደሩት የልብስ ስፌት መኪናዎች ያለ ዕረፍት ይንጫጫሉ። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድምፅ ነው፤ መኪና ግርግር ይባላል። ደንበኛው ጨርቁን ከአጠገቡ ካለው ሱቅ ገዝቶ ይመጣል፤ ልብስ ሰፊው ለክቶ፣ ቆርጦና ሰፍቶ ይሰጠዋል። ከሰፊው ጎን ብዙ ጊዜ አንድ ለጋ ልጅ ተቀምጦ ይታያል። መጀመሪያ ክር ያቀብላል፣ ቁልፍ ይተክላል። ሲቆይ ይዘመዝማል። ትንሽ ቆይቶ ቀላል ሱሪ ይሰጡታል። ከዓመታት በኋላ የራሱን መኪና ተክሎ ከመምህሩ ሁለት በር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ለዚህ ልጅ ማንም ሰርቲፊኬት አልሰጠውም። ነገር ግን አንዱን እርከን ጨርሶ ወደሚቀጥለው በወጣ ቁጥር፣ ትንሽም ትሁን፣ ገንዘብ እጁ ገብታለች።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ልብስ ስፌት አይደለም። ከዚያ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ስለተማረ፣ ኋላ ግን «የነገው ሙያ ይህኛው ነው» ተብሎ ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለተሸኘ ወጣት ነው። ይህ ወጣት የድረ ገጽ ንድፍ ተማረ። ቀለም ማዛመድ፣ ፊደል መምረጥ፣ ገጽ ማዋቀር፣ ኮድ መጻፍ ያውቃል። በስልኩ ውስጥ አራት ሰርቲፊኬቶች አሉት። ከአራቱም ግን እስካሁን አንድ ብር አላገኘም። ቤተሰቡ «ምን እየሠራህ ነው?» ሲለው «እየሠለጠንኩ ነው» ይላል። ይህንኑ መልስ ሲሰጥ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።

ውድ አንባቢያን፣ የምሟገትለት ነገር አንድ ነው። የማንኛውም ሙያ መንገድ የሚጠረገው በመጀመሪያው ከፋይ ደንበኛ ነው። ሥልጠና ለመንገዱ ስንቅ ይሆናል እንጂ መንገዱን አይጠርግም። እንደ ሐረር ባለች ከተማ ደግሞ ለዚህ ሙያ የመጀመሪያው ደንበኛ መሆን የሚችለውና የሚገባው ከማንም በፊት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ኃላፊነቱን ወደ ጎን ትቶ የሠልጣኝ ብዛት የሚያውጅ አስተዳደር ሥራ ፈጠርኩ ሊል አይችልም። የፈጠረው ነገር ቢኖር ሰርቲፊኬት ያለው ሥራ አጥ ነው።

የቁጥር ፖለቲካ

አገራችን ቁጥር መስማት ትወዳለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር «የአምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» መርሐ ግብር ይፋ ሆነ። ትምህርቱ በኢንተርኔት፣ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረታውያንን ያስተምራል። በነጻ መማር የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ይህን ዕድል ያላገኘ ትውልድ አባል እንደመሆኔ በቅናት ካልሆነ በቀር ልነቅፈው አልችልም። ነቀፌታዬ ከዚያ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። በየስብሰባው አዳራሽ የሚቀርበው ሪፖርት ስንት ሰው እንደተመዘገበ፣ ስንት ሰው እንዳጠናቀቀና ስንት ሰው ሰርቲፊኬት እንደወሰደ ይነግረናል። ስንቱ በተማረው ትምህርት አንድ ሥራ ሠርቶ እንደተከፈለው የሚል ሰንጠረዥ ግን ከሪፖርቱ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። የገባውን ቆጥሮ የበላውን የማይቆጥር ሰርግ ደጋሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችንም ለዚሁ ዘርፍ የራሱ የሙያ ደረጃ አለው፤ ዌብ ዴቨሎፕመንትና ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን ይባላል። ተማሪው በየደረጃው የብቃት ምዘና፣ ሕዝቡ በተለምዶ ሲኦሲ የሚለውን ፈተና ይወስዳል። ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት፣ ደረጃ ሦስት እየተባለ ይቀጥላል። ቃሉን ብቻ ለሰማው ሰው መሰላል ይመስላል። እርግጥ መሰላል ነው፤ ነገር ግን የፈተና መሰላል ነው። ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው የሚያወጣው ሌላ ምዘና ነው። ከበድ ያለ ሥራ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ በመንገዱ ላይ የለም። መሰላሉም መጨረሻው ላይ የሚደገፈው በግድግዳ ላይ ሳይሆን በአየር ላይ ነው። የመኪና ግርግሩ ልጅ በአንድ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያገኘውን ነገር፣ ማለትም ሥራን ከክፍያ፣ ክፍያን ከዕድገት ጋር ያስተሳሰረውን ያንን ሰንሰለት፣ እኛ በሕንፃና በላብራቶሪ ልንፈጥረው አልቻልንም።

የጠፋው የመጀመሪያ እርከን

ስለዚህ ሙያ ታሪክ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ድረ ገጽ በዓለም ላይ የተስፋፋው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1993 ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ከለቀቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ዌብማስተር» የሚባል አንድ ሰው ሁሉንም ይሠራ ነበር፤ ይነድፋል፣ ኮድ ይጽፋል፣ ጽሑፉን ያርማል፣ ሰርቨሩን ይጠብቃል። ቀስ በቀስ ሙያው ተከፋፈለ። የገጹን መልክ የሚነድፈው፣ መልኩን ወደ ኮድ የሚለውጠው፣ ከበስተጀርባ ያለውን መረጃ የሚያስተዳድረው፣ ጽሑፉን የሚያዘጋጀውና የተጠቃሚውን ጠባይ የሚያጠናው የየራሳቸው ስም፣ የየራሳቸውም ደመወዝ ያላቸው ባለሙያዎች ሆኑ። ሆኖም ለብዙዎቹ የመግቢያው በር አንድ ዓይነት ነበር። የሠፈር ፀጉር ቤት፣ የአጎት ምግብ ቤት፣ የጥርስ ሐኪም፣ የሙዚቃ ባንድ። ገጹ ትንሽ፣ ክፍያውም ትንሽ፣ ስሕተቱም የማይጎዳ። ያ የመጀመሪያው እርከን ነበር።

ይህ እርከን እኛ ዘንድ በደንብ ሳይተከል ሁለት ጊዜ ተነቀለ። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን አነስተኛው ነጋዴ ወደ ኢንተርኔት በገፍ የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በእጅ ስልክ ነው። ሲገባም ድረ ገጽ አላሠራም፤ የፌስቡክ ገጽ ከፈተ፣ የቴሌግራም ቻናል አቋቋመ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲመጣ ደግሞ ገንዘቡንም በዚያው ስልክ መቀበል ጀመረ። ቡናና ጌጣ ጌጥ በቴሌግራም የሚሸጠውን የሐረር ነጋዴ አልፈርድበትም፤ ለእርሱ የሚበጀውን ነው የመረጠው። ቀጥሎ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ ለዓለም ቀረበ። ቀድሞ ለጀማሪ ይሰጥ የነበረውን ተራ ገጽ የመሥራት ሥራ ዛሬ መሣሪያ በደቂቃዎች ያቀርበዋል።

በዚህ ላይ የሙያው መሣሪያዎች ዕድሜ አጭር ነው። በ1990ዎቹ ስንቱ ወጣት ኮምፒውተር ማሠልጠኛ ገብቶ ፍላሽ የሚባለውን መሣሪያ ተማረ! ፍላሽ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ድጋፉ ተቋርጦ ከነሰርቲፊኬቱ ተቀበረ። የቀጠሉት ደንበኛ የነበራቸው ናቸው፤ ደንበኛቸው የሚፈልገውን አዲስ መሣሪያ እየተከፈላቸው ተማሩ። ደንበኛ ያልነበራቸው ከመሣሪያው ጋር አብረው ቀሩ። እንግዲህ የታችኛው እርከን በጠፋበት ዘመን ወጣቱን «አንተ ብቻ ተማር፣ ገበያው ይቀበልሃል» ማለት መሰላሉን አንስቶ «ጣሪያው ላይ እንገናኝ» እንደ ማለት ነው።

ሥራ የለም ወይ?

ሥራማ ሞልቷል። ጀጎል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። መዝገቡ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ስፍራዎች እንዳሉ ይናገራል። በኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሸዋሊድ በዓል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ተጨመረ። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ለዓለም የሚተርከው ማን ነው? አንድ የውጭ አገር ሰው ስለ ሐረር በኢንተርኔት ሲፈልግ አዘውትሮ የሚያገኘው የአስጎብኚ ድርጅቶችን ገጽ ነው፤ በዚያም ላይ ጅብ የሚቀልብ ሰውና የፈረንሳዊው ባለቅኔ የራምቦ ስም ይገኛሉ። ጅቡም ራምቦም የእኛ ታሪክ አካል ናቸው፤ አልጠላቸውም። ነገር ግን የአንድ ሺህ ዓመት ከተማ በአንድ ጅብና በአንድ ፈረንሳዊ ስትጠቃለል ዝም ብሎ ማየት የእኛ ድክመት ነው።

ከቱሪስቱ ይልቅ ደግሞ ነዋሪው ይብሳል። የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ምን ሰነድ ይጠየቃል? የንግድ ፈቃድ ለማደስ መጀመሪያ የትኛው ቢሮ ይኬዳል? ክፍያው ስንት ነው? ይህን ለማወቅ ከገጠር ቀበሌ የሚመጣ ሰው የታክሲ ከፍሎ፣ የቀን ሥራውን ትቶ መጥቶ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ያነብባል። ከዚያ «ፎቶ ኮፒ ጎደለህ» ተብሎ ይመለሳል። በስልክ የሚነበብ፣ ቀላል፣ በትንሽ ዳታ የሚከፈት አንድ ገጽ የዚህን ሰው አንድ ቀን ያተርፍለት ነበር። ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ የአስተዳደር ጉዳይ ነው።

ሥራው ደግሞ ከሩቅ ሆኖ የሚሠራ አይደለም። የክልሉ የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና ኦሮምኛ ናቸው፤ በከተማው ውስጥ አማርኛም በሰፊው ይነገራል። ሐረሪ ራሱ በግዕዝ፣ በዓረብኛና በላቲን ፊደል ሲጻፍ የኖረ ቋንቋ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄደውን የዓረብኛ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ከሚሄደው ግዕዝ ጋር በአንድ ገጽ ላይ አስማምቶ ማስቀመጥ፣ የግዕዝ ፊደል በትንሽ የስልክ መስኮት ላይ ሳይጨናነቅ እንዲነበብ ማድረግ፣ ረጅሙን የኦሮምኛ ቃል ለአጭር የአማርኛ ቃል በተለካ ቁልፍ ውስጥ ማስገባት፤ ይህ ሁሉ ዓይን፣ ዕውቀትና የአካባቢ ሰው ይፈልጋል። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ከተካተተ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። «ኮምፒውተሩ ፊደላችንን አያውቅም» የሚለው የድሮ ሰበብ ከሞተ ቆይቷል። ለነገሩ ገጽ መሥራት ለዚች ከተማ እንግዳ ሙያ አይደለም። ሐረር በመጽሐፍ ጥራዝና በእጅ ጽሑፍ ስሟ የታወቀ ከተማ ነበረች፤ በራስ መኰንን የቀድሞ መኖሪያ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የያዛቸው ጥንታውያን የእጅ ጽሑፎች ምስክር ናቸው። ያን ጊዜ ግን ጸሐፊውና ጠራዡ የሚያስጽፋቸውና የሚያስጠርዛቸው ሰው ነበራቸው።

መሥሪያ ቤቱ እንዴት ይገዛል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገጽ ሲያስፈልገው፣ ባየሁትና በታዘብኩት መጠን፣ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይከተላል።

አንደኛው ልመና ነው። የማውቀው አንድ ወጣት አለ። ስሙንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም አልጠራም። ኃላፊው አስጠሩትና «አንተ የኛው ልጅ ነህ፤ ለከተማህ አስተዋፅኦ አድርግ» አሉት። ደስ አለው። ሦስት ወር ሠራ። ፎቶውን ራሱ አነሣ፣ ጽሑፉን ከየክፍሉ እየለመነ ሰበሰበ፣ በእናቱ ቤት ኤሌክትሪክ፣ በራሱ ዳታ። በምረቃው ዕለት መድረክ ላይ ጠሩትና አጨበጨቡለት፤ በመስታወት የታጀለ የምስጋና ወረቀትም ሰጡት። ይኸው አምስተኛ ሰርቲፊኬቱ ሆነ። ገጹን በየጊዜው የሚያድስ ሰው ስላልተመደበ በዓመቱ ደረቀ። በዚያ ዕለት ለአዳራሹ ኪራይ፣ ለውኃውና ለባነሩ የተከፈለ ገንዘብ እንደነበር ግን ማንም አይክድም። ባነር ጻፊው ተከፈለው፣ ድረ ገጽ ሠሪው ተመሰገነ!

ሁለተኛው መንገድ «የራሳችን አይሲቲ ባለሙያ አለን» የሚለው ነው። ይህ ባለሙያ ማን ነው? ፕሪንተር የሚጠግን፣ ቶነር የሚቀይር፣ የኃላፊውን ላፕቶፕ ከቫይረስ የሚያጸዳ፣ በስብሰባ ቀን ፕሮጀክተር የሚያገናኝ ሰው ነው። ከዚህ ሁሉ ተርፎ ድረ ገጽ እንዲነድፍ ይጠበቅበታል። ጥሩ አድርጎ ቢሠራ ዕድገት የለውም፤ በንድፍ ሙያው የሚያድግበት የሥራ መደብ የለምና። ማደግ ቢፈልግ ሙያውን ጥሎ የቡድን መሪ መሆን አለበት። ስለዚህ ጎበዙ ይለቅቃል፣ ያልለቀቀውም ይሰለቻል።

ሦስተኛው ትልቁ ጨረታ ነው። ድረ ገጹ፣ ኮምፒውተሩ፣ የካሜራው ዝርጋታና የኔትወርኩ ሥራ ባንድ ላይ ይጠቀለሉና ማስታወቂያ ይወጣል። የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቫት ምዝገባ፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ የብዙ ዓመት ተመሳሳይ ሥራ ልምድ። የሐረሩ ጀማሪ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይወድቃል። አሸናፊው ከሩቅ የሚመጣ ድርጅት ይሆናል። ከሌላ ቦታ የተቀዳ ቅርጽ ላይ የጀጎልን ፎቶ ይለጥፍና ይሄዳል። ልምድ የሚጠይቀው መንግሥት ነው፤ ልምድ የሚገኝበትን በር የዘጋውም መንግሥት ነው።

ከዚህ የተለየ መንገድ እንደሌለ አድርጎ የሚነግረን ካለ ወደ እግሩ ሥር ይመልከት። የረገጠው ኮብልስቶን ነው። በ1990ዎቹ ማብቂያ ግድም በጀርመን የልማት ትብብር ድጋፍ ከጎረቤታችን ከድሬዳዋ ተነሥቶ አገሩን ያዳረሰው የኮብልስቶን ሥራ በአስተዳደር ታሪካችን ውስጥ ካየናቸው ጥቂት የሠሩ ነገሮች አንዱ ነው። ለምን ሠራ? ወጣቶቹ ሥልጠና ስለወሰዱ ብቻ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ገዢ ስለሆነ ነው። መንገዱ በአጭር በአጭሩ ተቆራርጦ ለተደራጁ ወጣቶች ተሰጠ፤ በሠሩት ካሬ ሜትር ልክ ተከፈላቸው። ጥርብ ድንጋይ ያቀረበው ነጣፊ ሆነ፤ ነጣፊው የራሱን ቡድን መራ። እኛ የከተማ ምሁራን ግን «ምሩቁን ድንጋይ አስጠረቡት» እያልን አላገጥን። እኔም ካላገጡት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ሳስበው ድንጋይ ጠራቢው ከድረ ገጽ ነዳፊው አንድ የሚበልጥበት ነገር ነበረው፤ የሚከፍለው ሰው ያውቅ ነበር። ታዲያ መንገድን በካሬ ሜትር የገዛ ማዘጋጃ ቤት ድረ ገጽን በገጽ ለመግዛት ምን ይከለክለዋል?

አራት ሰበቦች

ይህን ሐሳብ ለባለሥልጣንም ለወዳጅም ባቀረብኩ ቁጥር አራት መልሶች ይሰጡኛል። በየተራ ላንሣቸው።

«ሐረር ትንሽ ናት፤ ልጆቹ አዲስ አበባ ይሂዱ።» እርግጥ ትንሽ ናት። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መላው ክልል 183 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበረው። ነገር ግን ይህን ቃል ሐረር ከዚህ በፊትም ሰምታዋለች። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረርን ከተራራዋ ላይ ትቷት ነው ያለፈው። ሐዲዱን ወደ ላይ ማውጣት ከባድ ነበር፤ ምክንያቱ ይገባል። የንግዱ ልብ ግን አብሮ ወረደ፤ ዘመናት አልፈው እንኳ አልተመለሰም። የኢንተርኔት መስመር ግን ተራራ አይፈራም። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው ከአዲስ አበባ በፊት እዚሁ ምሥራቅ ውስጥ፣ በድሬዳዋ ነበር፤ ሐረርም ብዙ ሳትቆይ ተከተለች። የመጀመሪያውን ባቡር ያስመለጠን መልክዓ ምድር ነው። ሁለተኛው ቢያመልጠን ጥፋቱ የእኛው ነው።

«በውጭ አገር ደንበኛ ይፈልጉ፤ ዶላር ያምጡ።» መልካም ምክር ነው፤ የቻሉም አሉ። ነገር ግን ሥራውን ያላዩለት ልጅ የውጭ ደንበኛ በምን ያምነዋል? የሚያሳየው የመጀመሪያ ሥራ ከየት ይምጣ? ዓለም ያወቃቸው እንደ ስትራይፕ ያሉ የክፍያ ድርጅቶች ኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ አይሠሩም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ የገዛ መንግሥታችን የሚያደርገው ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያዎች ታግደው ነበር። ከባሕር ማዶ ያለ ደንበኛ «መንግሥቴ ዘግቶብኝ ነው» የሚል ምክንያት አይቀበልም፤ ሌላ ሰው ይቀጥራል። በአንድ እጁ «ዶላር አምጣ» እያለ በሌላው ገመዱን የሚነቅል አስተዳደር ስለ ዲጂታል ኢኮኖሚ ሊያስተምረን ሞራል የለውም።

«አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሠራዋል።» ተራውን ገጽ እርግጥ ይሠራዋል። ነገር ግን የክልሉ ገቢዎች ቢሮ ለንግድ ፈቃድ እድሳት የትኛውን ሰነድ እንደሚጠይቅ መሣሪያው አያውቅም፤ የጻፈው ሰው የለምና። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ፣ ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ በሦስት ቋንቋ ሕዝቡ በሚገባው አነጋገር መጻፍ አለበት። ያ ሰው መሣሪያውንም ቢጠቀም የተባረከ ነው፤ ሥራው ይፈጥንለታል። መሣሪያው የበላው የታችኛውን እርከን ከሆነ፣ ይህ ታች ወርዶ መሣሪያ የማይደርስበትን ሥራ ለጀማሪው ለመስጠት ተጨማሪ ምክንያት ነው።

«ወጣቱ ጫት እየቃመ ይውላል፤ ሰነፍ ነው።» ይህ ንግግር ከሁሉም ያሳዝነኛል። ከሐረር ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ ላይ አወዳይን ያየ ሰው ይህን አይልም። ጫት ቀጣፊው፣ አሳሪው፣ መራጩ፣ ጫኙ፣ ሾፌሩ በሌሊት ይሠራሉ፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ከድንበር ማዶ ገበያ ይደርሳል። እዚያ ውስጥ ያሉት የእኛው ወጣቶች ናቸው። ስንፍናቸው የት ሄደ? እዚያ ሲሄዱ ትጉህ፣ እዚህ ሲመጡ ሰነፍ የሆኑት ለምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ አወዳይ ውስጥ ገዢ አለ፣ ገዢውም በዕለቱ ይከፍላል። ስለ ጫቱ ጉዳት ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ለዛሬ ግን አንድ ነገር እንማርበት፦ ከፋይ ባለበት ሰነፍ የለም።

ምን ይደረግ?

ተቺ ብቻ ሆኜ እንዳልቀር የምጠይቀውን በግልጽ ልናገር።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የክልሉ ቢሮና የከተማው ማዘጋጃ ቤት የሚያስፈልገውን የገጽ ሥራ ቆራርጦ ይግዛ። የአንድ አገልግሎት ገጽ በሦስት ቋንቋ፣ አንድ ሥራ። የአንድ መስጊድ ወይም የአንድ በር ታሪክ ከፎቶው ጋር፣ አንድ ሥራ። ዋጋው አስቀድሞ ተቆርጦ ይታወቅ፤ ለጀማሪዎች ብቻ የተከለለ ይሁን፤ ርክክቡ በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ ይከፈል። በግዥ ሕጎቻችን ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚደረግ ልዩ አስተያየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ለድንጋይ የተፈቀደው ለድረ ገጽም ይፈቀድ።

ሁለተኛ፣ መንግሥት በነጻ ማሠራቱን ያቁም። የምስጋና ወረቀት በክፍያ ላይ የሚጨመር እንጂ በክፍያ ፋንታ የሚሰጥ አይሁን።

ሦስተኛ፣ በሲቪል ሰርቪሱ ውስጥ የድረ ገጽ ሥራ ከቶነር መቀየር ይለይ። ጀማሪ፣ ባለሙያና ከፍተኛ ባለሙያ እየተባለ፣ ወንበር ሳይቀየር በሙያው የሚታደግበት የራሱ መደብ ይኑረው።

አራተኛ፣ ማሠልጠኛዎቻችን ሪፖርታቸውን ይለውጡ። ሠልጣኙ ካጠናቀቀ ከ12 ወር በኋላ በሙያው ተከፍሎት ያውቃል ወይስ አያውቅም? ይህ አንድ አምድ ብቻ ይጨመር። በዚያ አምድ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር የሚፈራ ሰው ካለ ለምን እንደሚፈራው ራሱን ይጠይቅ።

ለእኛም ለከተማ ምሁራን የምለው አለኝ። ስንቶቻችን ነን የእኅታችንን ልጅ «እስቲ አንድ ገጽ ሥራልኝ፣ ለአንተ እኮ ቀላል ነው» ያልነው? ለልብስ ሰፊው እንዲህ ብለነው እናውቃለን? የጌ ጋር እንግዳ ማረፊያ የከፈተው ወዳጃችን ለአናጺውና ለቀለም ቀቢው ከፍሎ ለድረ ገጹ ግን ምርቃት ሰጥቶ ሲያልፍ ስንቶቻችን «ነውር ነው» አልነው? ባለሥልጣኑ ያደረገውን እኛ በሳሎናችን ውስጥ ስናደርገው ኖረናል።

ለወጣቱም አንድ ቃል። ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ስድስተኛውን ሰርቲፊኬት ከመያዝህ፣ ከመያዝሽ በፊት አንድ ከፋይ ፈልጉ፤ መቶ ብርም ቢሆን። ያቺ መቶ ብር ሙያችሁ ሙያ መሆኑን የሚመሰክር ብቸኛው ማኅተም ናት። በመኪና ግርግር በረንዳ ላይ ቁልፍ የሚተክለው ልጅ ይህን ያውቃል። ያወቀው ከአዳራሽ ንግግር አይደለም፤ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ኪሱ ውስጥ ከምትገባው ሳንቲም ነው።

ልቦና ይስጠን። ቸር ያሰማን።